«እምቢ» የማለት ኃላፊነት፦ እቴጌ ጣይቱ፣ እንጦጦና የሴት መሪ ድምፅ

ስለ ሴቶች አመራር የሚዘጋጁ ሥልጠናዎች አብዛኞቹ ከአንድ ግምት ይነሣሉ። ግምቱም ሴት መሪ በስብሰባ ላይ ድምፅዋን የማታሰማው በራስ መተማመን ስለሚጎድላት ነው፤ መተማመኗ ከተገነባ ንግግሩ ተከትሎ ይመጣል የሚል ነው። ግምቱ ፈጽሞ መሠረት የለሽ አይደለም። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት ሰው «ይህን መሥራት እችላለሁ» የሚለው እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚቀዳ አመልክቷል፤ ቀድሞ ከተሳካለት ሥራ፣ እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች ሲሳካላቸው ከማየት፣ ከሌሎች ከሚያገኘው ማበረታቻ፣ እንዲሁም ከራሱ የአካልና የስሜት ሁኔታ። የሥልጠና አዳራሽ ከእነዚህ ውስጥ አብልጦ የሚያድለው ማበረታቻን ነው። ባንዱራ ግን ከሁሉ የሚጠነክረው የመጀመሪያው፣ ማለትም በሥራ የተፈተነ ልምድ፣ እንደ ሆነ ገልጿል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚህ አንድ እርምጃ አለፍ ይላል። የመተማመን ጉድለት ያልነበረባት፣ ተናግራም የተደመጠች ሴት መሪ ድምፅዋ በኋላ የሚቋረጠው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከእንጦጦ የተሻለ የጥናት ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ከጉለሌ ተነሥቶ በየካ ክፍለ ከተማ ራስጌ ወደ ምሥራቅ በሚዘልቀው በዚህ የተራራ ሰንሰለት ላይ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ዘውድ ጭነዋል፤ በዚያው ተራራ ላይ ከሥልጣን ተገልለው ዐርፈዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ 28 ዓመት ነው።

የጽሑፉ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው። የጣይቱ ድምፅ የግል ድፍረት ፍሬ ብቻ አልነበረም። በቤተ መንግሥቱ የሥራ ክፍፍል ውስጥ የያዙት ድርሻም ነበር፤ ድርሻውም «እምቢ» ማለት ነው። ይህ ድርሻ መንግሥቱን ጠቅሟል። ነገር ግን በሥርዐት የታወቀ የራሱ መቀመጫ ስላልነበረው፣ የ«እምቢታው» ዋጋ የተሰበሰበው ከተናጋሪዋ ብቻ ነው።

የዝግጅት ጉዳይ

ጣይቱ ወደ ምኒልክ ቤት የገቡት በ1875 ዓ.ም. በተፈጸመው ጋብቻ ነው። ሲገቡ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የወንድም ልጅ ናቸው፤ ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል በኋላ የየጁ ገዥ ሆነዋል። በመኳንንት ቤት እንኳ ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ በነበረበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር፤ ግእዝም ተምረዋል። በገና ደርዳሪና የሰንጠረዥ ተጫዋች እንደ ነበሩም ይታወቃል። ይህን መዘርዘር ለውዳሴ አይደለም። በሸንጎ ላይ የሚነገር ቃል ከተናጋሪው ጀርባ ባለው ነገር እንደሚመዘን ለማስታወስ ነው፤ ከጣይቱ ጀርባ ዘመድ፣ ትምህርትና ሠራዊት ነበሩ።

በሥራ የተፈተነ ልምድም አልጎደላቸውም። እንጦጦ ለጦር አመቺ፣ ለኑሮ ግን ብርዳማና የማገዶ ችግር ያለበት ከተማ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌዪቱ ከተራራው ግርጌ በፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ሥፍራውን አዲስ አበባ አሉት። ስለ ስያሜው ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ ላይ አንቆይበትም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው፣ የዋና ከተማን መዛወር ያህል ነገር በሐሳብ አመንጪነት ጀምረው ሲፈጸም ያዩ ሰው መሆናቸው ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

አንቀጽ 17 እና የተቃውሞ አነጋገር

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈርሟል። የአማርኛው አንቀጽ 17 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ፈቃዱን ወደ ግዴታ ለውጦት ተገኘ። ኢጣልያም በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንዳለች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። አለመግባባቱ ከወጣ በኋላ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ነገሩን ለማብረድ ተመልሶ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ንግግሩም በ1883 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቆየ።

በዚህ ድርድር ጣይቱ መጋረጃ ጀርባ ሆነው የሚያዳምጡ ሰው አልነበሩም። ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ተቀምጠው በቀጥታ ይከራከሩ ነበር። አንቶኔሊ ያቀረበው ምክንያት የክብር ምክንያት ነው፤ ኢጣልያ አንቀጹን ለመንግሥታት አንድ ጊዜ ካስታወቀች በኋላ ተሳስቻለሁ ማለት ክብሯን ይነካል የሚል። የእቴጌዪቱ መልስ በአንቶኔሊ በራሱ ዘገባ በኩል ደርሶናል። ይዘቱም ባጭሩ ይህ ነው፤ እኛም በቋንቋችን የተጻፈው አንቀጽ ሌላ ትርጉም እንዳለው ለመንግሥታቱ አስታውቀናል፤ ክብራችንን መጠበቅ ለእናንተ እንደሚገባ ለእኛም ይገባል፤ እናንተ የምትሹት ኢትዮጵያ በሌሎች ፊት ጥገኛችሁ ሆና እንድትታይ ነው፤ ይህም ከቶ አይሆንም።

ይህ መልስ በታሪክ መጻሕፍት ዘወትር የድፍረት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ድፍረቱ አያጠያይቅም፤ ይሁንና አወቃቀሩን ያጤነ ሰው ከድፍረት የበለጠ ነገር ያገኝበታል። እቴጌዪቱ የጀመሩት የባላጋራቸውን ምክንያት ሳያፈርሱ በመውሰድ ነው፤ ክብር የሚሉት ሚዛን ካለ ሁለቱንም ወገን በእኩል ይመዝናል። ቀጥለው ክርክሩን ከሰዎቹ አንሥተው በጽሑፉ ላይ አኖሩት፤ በቋንቋችን የተጻፈውን ተመልከት ማለት ስሜትን ትቶ ሰነድን መጥራት ነው። ከዚህ በኋላ ብቻ፣ በትርጉም ስሕተት ስም ተሸፍኖ የነበረውን ዓላማ በስሙ ጠሩት። መጨረሻ ላይ የመጣው «አይሆንም» የተደመጠው ከፊቱ የቀደሙት ሁለት እርምጃዎች መሬት ስላበጁለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ተገልብጦ ከ«አይሆንም» ቢጀምር ኖሮ፣ አንቶኔሊ ንዴት ብሎ መዝግቦ ያልፈው ነበር ብሎ መገመት አያስቸግርም።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ተናጋሪዋ «እኔ» አላሉም፤ «እኛ» አሉ። ቃሉ በባላጋራ እጅ ተተርጉሞ የደረሰ በመሆኑ በተውላጠ ስም ላይ ትልቅ ሕንፃ ማቆም አይገባም። ቢሆንም ክርክሩ በሙሉ የቆመው በአገር ስም እንጂ በተናጋሪዋ መብት ላይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ይህም ብርታቱ እንደ ነበረ ሁሉ በኋላ እንደምናየው ድክመቱም ነበር። ድርድሩ ያለቀው በየካቲት ነው። አንቶኔሊ የፈረመበት አዲስ ጽሑፍ በአማርኛው አንቀጽ 17 መሰረዙን የሚናገር ሆኖ ስላገኘው በቁጣ ቀደደውና አገሩ ገባ። ምኒልክ ውሉን በይፋ ያፈረሱት በ1885 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢጣልያ ይህን የተቀበለችው ከዓድዋ ድል በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ነው። በመካከሉ እቴጌዪቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘምተዋል፤ በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ ውስጥ የነበረው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠው የውኃ ምንጩ ስለ ተያዘበት መሆኑና በዚህ ዕቅድ የጣይቱ ድርሻ ምን እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

«እሺ» እና «እምቢ»

ስለ ሁለቱ ነገሥታት ሲነገር የኖረ አንድ ነገር አለ። ምኒልክ ለጠያቂ ሁሉ «እሺ፣ ነገ» ይሉ ነበር፤ ጣይቱ ግን ያልፈለጉትን «እምቢ» ይሉ ነበር ይባላል። ክሪስ ፕራውቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ሁለቱ ባሳተሙት ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ እንደሚታየው፣ ይህ የሁለት ጠባዮች ልዩነት ብቻ ሳይሆን የአንድ መንግሥት የአሠራር ስልት ነበር። የውጭ መልእክተኛ፣ የንግድ ፈቃድ ፈላጊ፣ ሹመት ጠባቂ መኰንን፣ ሁሉም ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ በጎ ቃል ይዞ ይወጣል፤ እምቢታው ከእቴጌዪቱ በኩል ይደርሰዋል። ምኒልክ በዚህ መንገድ ማንንም ሳያስቀይሙ ጊዜ ይገዛሉ። ቅሬታው ግን አይጠፋም፤ አድራሻውን ይለውጣል እንጂ።

እዚህ ላይ የዘመናችን ጥናቶች የሚረዱን ነገር አለ። ቪክቶሪያ ብሬስኮል እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመችው ጥናት፣ ሥልጣን ያላት ሴት በስብሰባ ላይ አብዝታ ስትናገር በሥልጣን እኩያዋ ከሆነ ወንድ ይልቅ ብቃቷ ዝቅ ተደርጎ እንደሚገመት አሳይታለች። ከዚያም በላይ፣ ሥልጣን ያላቸው ሴቶች ብዙ ከመናገር የሚቆጠቡት ይህን ቅጣት አስቀድመው ስለሚገምቱ መሆኑን አመልክታለች። ዝምታው የመተማመን ጉድለት ሳይሆን ስሌት ነው ማለት ነው። የጣይቱን ዘመን በዚህ መነጽር ስንመለከተው፣ የአውሮፓ መልእክተኞች ስለ እርሳቸው ደጋግመው የጻፉት ቃል ትርጉም ያገኛል፤ ግትር፣ የውጭ ሰው የምትጠላ። አንድ ዓይነት ፖሊሲ ሲያራምዱ፣ ንጉሡ ብልህ ተብለው እቴጌዪቱ ግትር መባላቸው የሥራ ክፍፍሉ ውጤት ነው። የ«እሺ» ባለቤት ምስጋናውን ወሰደ፤ የ«እምቢ» ባለቤት ስሙን አጠፋ።

መቀመጫ የሌለው ድምፅ

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በኢትዮጵያ የአስተዳደር ታሪክ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለእኛ ጉዳይም ወሳኝ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የመንግሥት ምክር ይካሄድ የነበረው በቅርበት፣ በዝምድናና በእልፍኝ መግባት ሲሆን፣ በእነዚህ ሁሉ የጣይቱን ያህል አቅም የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ምክሩ ስምና ወንበር ሲሰጠው ግን ከወንበሮቹ አንዱም የሴት አልሆነም። መደበኛው ሥርዐት ሲመጣ መደበኛ ያልሆነው ኃይል ሕጋዊ መልክ አጣ። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም፤ ሌሎች ነገሥታት አገሮችም ከእልፍኝ ምክር ወደ ሚኒስትሮች ጉባኤ ሲሸጋገሩ የንግሥቶች ምክር በተመሳሳይ መንገድ ከመዝገብ ውጭ ቀርቷል።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጥኖ የተከናወነ ነው። የምኒልክ ጤንነት እየታወከ መጣ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም ሞግዚት መሆናቸው ታወጀ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱን ከባድ ሕመም ሲያደርስባቸው፣ መሾምና መሻሩን እቴጌዪቱ ራሳቸው ያዙት። ዘመዶቻቸውን ማራመዳቸውም የሸዋን መኳንንት አስቆጣ። ይህን ቅሬታ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም፤ የወገን ፖለቲካ ነበር፣ ጣይቱም ከዚያ ፖለቲካ ውጭ አልነበሩም። ነገር ግን ወገኑን ያላራመደ የዘመኑ መኰንን ማን ነው? በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው እቴጌዪቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁና ባላቸውን ከማስታመም በቀር በሌላ ነገር እንዳይገቡ ወሰኑ።

የውሳኔውን ይዘት ማስተዋል ይገባል። እንደ ሹም አልተሻሩም፤ የሚሻሩበት ሹመት አልነበራቸውምና። ወደ ሚስትነት ተመለሱ እንጂ። «እሺ» የሚለው ድምፅ በሕመም ሲዘጋ፣ «እምቢ» የሚለው ድምፅ ጥላውን አጣ፤ ለ20 ዓመት የተጠራቀመው ቅሬታም አንድ ቀን ተከፈለ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ኖሩ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። እርሳቸው በተራራው ላይ በሕይወት ሳሉ፣ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት ሆኑ፤ ከጎናቸውም ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆነው ተሰየሙ። አንዷ ድምፅ ኖሯቸው መቀመጫ አጡ፤ ሌላዋ መቀመጫ አግኝተው የሥልጣኑን ሥራ ከሌላ ጋር ተካፈሉ። ሁለቱን አነጻጽሮ የሚያጠና ተመራማሪ ብዙ ነገር ያገኛል ብለን እናምናለን።

ከተራራው ግርጌ

እንጦጦ የነገሥታት ታሪክ ብቻ አይደለም። የማገዶ እጥረቱን ለማቃለል በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ተራራውን ሸፈነው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት ሴቶች ሆኑ። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ የደን ጥበቃዎችን ማዋከብ ችለው፣ ኪሎ ሜትሮችን በእግር ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ እነዚህ ሴቶች ጥናት ካስደረገ በኋላ፣ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመናና መሰል ሥራ ለመዞር ሞክረዋል።

ከእቴጌ ወደ እንጨት ተሸካሚ መዝለል አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ንጽጽሩ ግን በማዕረግ ሳይሆን በድምፅ አወቃቀር ላይ ነው። እንጨት ተሸካሚዋ ጣይቱ የነበራቸው አንድም ነገር የላትም፤ ዘመድ፣ ትምህርት፣ ሠራዊት የላትም። በጫካ ውስጥ ብቻዋን «እምቢ» ብትል ሸክሟን ትቀማለች። ማኅበሩ ሲቋቋም ግን ጣይቱ ያላገኙትን ነገር ታገኛለች፤ በደንብ የተጻፈ ቦታ። ሰብሳቢ አለች፣ ጸሐፊ አለች፣ ገንዘብ ያዥ አለች፣ ማኅተም አለ። «እምቢ» የሚለው ቃል በማኅበሩ ስም ሲወጣ ቅሬታው በአንዲት ሴት ላይ አይጠራቀምም፤ ሰብሳቢዋ ብትለወጥም ወንበሩ ይቀራል።

በዚህ ረገድ ከሕንድ የተገኘ ማስረጃ አለ። ራግሃበንድራ ቻቶፓድያይና ኤስተር ዱፍሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የመንደር ምክር ቤት ሊቀ መንበርነት በዕጣ ለሴቶች በተከለለባቸው መንደሮች፣ ምክር ቤቶቹ ሴቶች አብዝተው ለሚጠይቁት ጉዳይ፣ በተለይ ለመጠጥ ውኃ፣ የበለጠ ገንዘብ ማዋላቸውን አሳይተዋል። በምዕራብ ቤንጋል ደግሞ ሌሎች ሴቶችም ጥያቄ ማቅረብን አዘወተሩ። ልብ እንበል፤ ጥናቱ የመረመረው የሥልጠናን ውጤት አልነበረም። የተለወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ክሪስቶፈር ካርፖዊትዝና ታሊ ሜንደልበርግም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ እርምጃ ጨምረዋል። በአንድ ጉባኤ ሴቶች ጥቂት ሲሆኑ፣ ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ ከሆነ የሚናገሩት ጊዜ በጣም ያንሳል፤ ውሳኔው የሁሉንም ስምምነት የሚጠይቅ ከሆነ ግን ድርሻቸው ከፍ ይላል። ቁጥር ብቻ ሳይሆን የውሳኔ አሰጣጡ ደንብም ይናገራል፣ ወይም ዝም ያሰኛል።

ይህ በአገራችን ወቅታዊ ጉዳይ ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20ዎቹ የሚኒስትርነት ቦታዎች ግማሹ ለሴቶች ተሰጠ፤ በዚያው ወር ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በቀጣዩ ወር ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። የወንበሩ ጥያቄ በከፊል መልስ አግኝቷል። ያልተጠናው ከወንበሩ በኋላ ያለው ነው። በካቢኔ ወይም በወረዳ ምክር ቤት ውስጥ የማይወደደውን ነገር እንዲናገር የሚታዘዘው ማን ነው? የመሬት ጥያቄን ውድቅ የሚያደርገውን ደብዳቤ የሚፈርመው፣ የበጀት ቅነሳውን የሚያስታውቀው፣ ቅሬታ ሰሚው ፊት የሚቆመው ማን ነው? የ«እምቢ» ሥራ ለሴቶች፣ የ«እሺ» ሥራ ለወንዶች የሚከፋፈል ከሆነ፣ የወንበር ቁጥር እኩል ቢሆንም የቅሬታው ሚዛን እኩል አይሆንም።

በየካ ክፍለ ከተማ ወረዳዎች ይህን ለማጥናት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቃለ ጉባኤ ነው። አማርኛ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ይላል። አባባሉን መውቀስ የተለመደ ነው፤ ለተመራማሪ ግን ሊፈተን የሚችል መላ ምት ነው። በአንድ ዓመት ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ በሴት አባል ተነሥተው በወንድ አባል ስም የተመዘገቡ ሐሳቦች ስንት ናቸው? ሴት አባል ያቀረበችው ተቃውሞ «ተቃውሞ» ተብሎ ከነምክንያቱ ይጻፋል ወይስ «አስተያየት ተሰጥቷል» በሚል አንድ መስመር ያልፋል? ውሳኔው በእጅ ማውጣት ሲሆንና በስምምነት ሲሆን ሴቶች የሚናገሩበት ጊዜ ይለያያል? ለዚህ የስብሰባ ድምፅ ቅጂ ከተገኘ በደቂቃ መለካት ይቻላል፤ ካልተገኘ ተመራማሪው ራሱ ተገኝቶ በመመዝገቢያ ቅጽ መከታተል ይችላል። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ብዙ ጊዜ ሴት ስለ ሆነች፣ እርሷን ራሷን መጠየቅ የጥናቱ የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ሊሆን ይገባል፤ ምን ተብሎ ምን እንደ ተጻፈ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።